ዋስ

ኮሎምቦ፣ የመስኖ መምሪያ፤ ኮሪደሩ ሲያልቅ፣
ሲገፉት የሚጮህ በር፣ ሲዘጉት የማይጠብቅ።
ማስታወቂያው እንዲህ ይላል፦
«አገልግሎት ለሠራተኛ ብቻ።
ሌላ ሰው በደብዳቤ፤ እሱም ረቡዕ ብቻ።
ያለ ዋስ ውሰት ክልክል ነው።»
ከሥሩ በእርሳስ፣ የማን እጅ እንደሆነ እንጃ፦
«ማራገቢያው ይሠራል።»

ማልካንቲ ሃያ ስድስት ዓመት እዚሁ ተቀምጣለች፤
እርጥበት ሲገባ በአፍንጫዋ ታውቃለች።
ምስጥን ግን በጆሮዋ ነው፤ ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ፣
ጉንጯን ከመደርደሪያው አስጠግታ፣
እንደ ሐኪም፣ ትንፋሿን ውጣ።

ያላት ምንድን ነው? ዝናብ ነው፤ በየቀኑ የተጻፈ፤
ጽፎ ያቆየው ሰው ሁሉ ከዝናቡ ጋር ያለፈ።
በሸራ የተነሣ ካርታ፣ እንደ አንሶላ የሚታጠፍ፣
የቦይ ንድፍ፣ የመዝጊያ ንድፍ፣ የፈረሰ ድልድይ ንድፍ፤
ያልተገነባው ግድብ ሪፖርት፣ በወርቅ ቀለም ያጌጠው፤
ከተገነባው አንድ ቅጂ፣ እሱንም ምስጥ ያላመጠው።

አንባቢዎቿ እኛ ነን፤ ወጣት መሐንዲሶች፣
ለማራገቢያው የምንመጣ፣ «ኮምፒውተር ላይ አለ» ባዮች።
አለ፤ አትከራከረንም። የኮምፒውተሩ ካርታ ግን
ትንንሹን ኩሬ ሁሉ እንደ እብቅ አበጥሮ ጥሏል።

ባለፈው ረቡዕ ሙዲያንሴ መጣ፤ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዞ፣
በግራው ጃንጥላ፣ በቀኙ የመንደሩን ሹም ደብዳቤ ይዞ።
«ሀልሚላዌዋ» አለ።
«መንገድ ሠሪዎቹ ‹እዚህ ክትር አልነበረም› ይሉናል፤
‹ነበረ› ስንል ‹ወረቀቱስ?› ይሉናል።
ውሃው ራሱ ቆሞ እየመሰከረ፣
ወረቀት ስለሌለው እንዳልነበረ ተቆጠረ።»

ፎርም ሰጠችው። «የመጡበት ምክንያት» በሚለው ፊት
«ውሃ» ብሎ ጻፈ።

ካርታውን ዘረጋች፤ አራቱን ጥግ በጠጠር ያዘች፤
ወንዙ ደህና፤ መቅደሱ ደህና፤ ጣቷ ወደ ታች ወረደች።
ሀልሚላዌዋ መሆን የነበረበት ቦታ
ቀዳዳ ነው። የሳንቲም ያህል፣ ክብ፤
በውስጡ የጠረጴዛው እንጨት ይታያል።
«ኩሬዋንም ጠጧት» ብሎ ሙዲያንሴ ሳቀ፤
ሳቁ ከጉሮሮው ሳይወጣ አለቀ።

«መሰላሉን ያዝልኝ» አለችኝ፤ «እንዳትነቃነቅ።»
ወጣች፤ በዚያ ጉልበቷ። ከላይኛው መደርደሪያ፣
ካታሎግ ከማያውቀው ሣጥን፣
የቀያሽ ደብተር ይዛ ወረደች፣ የመዳፍ መጠን።
በእንግሊዝኛ ነው፤ ቁጥሩን እየዘለለች ተረጎመችለት።
ገጽ አርባ አንድ፦ «ሀልሚላዌዋ፤ የክትሩ ምሥራቅ ጫፍ፤
መነሻ ምልክቱ ዓለት ላይ መስቀል፤ በስተቀኙ የሮቃ ዛፍ።»
ኅዳጉ ላይ፣ ደቀቅ ብሎ፦
«ዘንጉን የያዘልኝ የውሃ ጠባቂው ልጅ ነው። ግራኝ። አይነቃነቅም።
ሃያ አምስት ሳንቲም ሰጠሁት። ሳያመሰግን ሮጠ፤ አልተቀየምኩም።»

ሙዲያንሴ ግራ እጁን ከጃንጥላው አነሣ፤
አገላብጦ አየው፣ እንደ ዕቃ፣ አውቶቡስ ላይ እንደተረሳ።
«ጉንዳን ነበር» አለ፤ «እግሬን የነከሰኝ፤
ብንቀሳቀስ ውሃው የሚደፋ መሰለኝ።
ደግሞም አመስግኛለሁ።
እሱ ነው ያልሰማኝ።»

ደብተሩ ከቤት አይወጣም። ፎቶኮፒ ይቻላል፣ ገጹ በአሥር ሩፒ።
ስለ ዋስ ማንም አልጠየቀው፤
ዋሱ ገጽ አርባ አንድ ላይ ቆሟል፤ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ዘንግ ይዞ።
ማኅተሙን ሁለቴ መታችለት፤
አንዱ ስለደበዘዘ።

መንገዱ ይዙር አይዙር እስካሁን ወሬ የለም።
በዓመቱ ሪፖርት የሚገባው «አንባቢ፦ ሠላሳ አንድ» ብቻ ነው።
እኔ ግን ሐሙስ ተመልሼ፣ ማራገቢያውን ሳልከፍት፣
ደብተሩን ጠየቅኋት።
ኅዳጉ ላይ፣ ከቀያሹ ጽሑፍ በታች፣
በቀጭን እርሳስ፣ ቀንና ፊርማ ያለበት፦
«ልጁ አመስግኗል። ይታረም።»